የኤ123 ጉዳይ፦ በግብር ከፋይ ገንዘብ የቆመ የባትሪ ፋብሪካ እንዴት በቻይና ኩባንያ እጅ ገባ

በ2013 ጃኑዋሪ መጨረሻ ላይ አንድ የአሜሪካ የባትሪ ኩባንያ ባለቤት ቀየረ። ኩባንያው ኤ123 ሲስተምስ ይባላል። ገዢው ዋንሺያንግ የሚባል የቻይና የመኪና መለዋወጫ አምራች ነው። ዋጋው 256.6 ሚሊዮን ዶላር ነበር።

ከዚያ በፊት የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ለኤ123 የ249.1 ሚሊዮን ዶላር ድጎማ ፈቅዶ ነበር። ከዚህ ውስጥ 132 ሚሊዮን ያህሉ ተከፍሎ አልቋል። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያየ ሰው ደሙ ቢፈላ አይፈረድበትም። ሕዝብ ከኪሱ አውጥቶ ፋብሪካ ይሠራል፣ ፋብሪካው ይከስራል፣ ከዚያ የባሕር ማዶ ኩባንያ መጥቶ በጨረታ ይወስደዋል።

ጉዳዩ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው እንዲሁ በአጭሩ ነው፦ «አሜሪካ ያሳደገችውን ኩባንያ ቻይና ወሰደችው።» የተነገረው ሁሉ እውነት ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ከሽያጩ ቀን ይልቅ ከሦስት ዓመት በፊት ገንዘቡ የተሰጠበት ቀን ነው። የሕዝብ ገንዘብ ድምፁን ያጣው ያኔ ይመስለኛል። ለምን እንዲህ እንደምል ለማሳየት ታሪኩን ከሥሩ ልጀምር። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ የወጣ ባትሪ

ኤ123 የተመሠረተው በ2001 በማሳቹሴትስ ግዛት ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም (ኤምአይቲ) ፕሮፌሰር ዬት ሚንግ ቺያንግ ናቸው። አብረዋቸው ባርት ራይሊ እና ሪክ ፉሎፕ ነበሩ።

ሥራቸው ሊቲየም አይረን ፎስፌት በሚባል ንጥረ ነገር ላይ የተመሠረተ ነው። ብረትና ፎስፌት የትም የሚገኙ፣ ርካሽ ነገሮች ናቸው። ከእነሱ የሚሠራ ባትሪ በቀላሉ እሳት አይነሳበትም፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። አንድ ችግር ግን ነበረው። ንጥረ ነገሩ ኤሌክትሪክ በደንብ አያስተላልፍም። የቺያንግ ቡድን ቅንጣቶቹን እጅግ አሳንሶ፣ ውስጣቸውንም አስተካክሎ ባትሪው ብዙ ኃይል ባንዴ እንዲሰጥ አደረገ። የኃይል ሚኒስቴር ገና በጅምሩ 100,000 ዶላር ሰጥቷቸዋል። በ2007 በቡሽ አስተዳደር ጊዜ ደግሞ 6 ሚሊዮን ዶላር ተጨመረላቸው። የሕዝብ ገንዘብ ከዚህ ኩባንያ ጋር የተዋወቀው በኦባማ ዘመን ብቻ አይደለም። ሁለቱም ፓርቲዎች እጃቸው አለበት።

የመጀመሪያው ትልቅ ደንበኛ የመኪና ፋብሪካ አልነበረም። ባትሪው መጀመሪያ የገባው ደወልት በሚባለው የእጅ ድሪል ውስጥ ነው። ግንበኛው ገመድ የሌለው ድሪል ይዞ ኮንክሪት ሲበሳ ባትሪው አይደክምም፣ ቶሎም ይሞላል። ለገበያ ይህ በቂ ማስረጃ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ። እነዚያ ባትሪዎች የሚመረቱት አሜሪካ ውስጥ አልነበረም። ኩባንያው ፋብሪካ የከፈተው ቻይና ውስጥ፣ ቻንግዡ ከተማ ነው። ደቡብ ኮሪያ ውስጥም ነበረው። አሜሪካ ውስጥ ሐሳቡ እንጂ በብዛት የማምረት ልምዱ አልነበረም። ዕውቀቱ ከቦስተን አካባቢ ይወጣል፣ ዕቃው እስያ ይሠራል። ስለዚህ «ወደ ቻይና ሄደብን» የተባለው ኩባንያ ገና ከጅምሩ አንድ እግሩ እዚያው ነበር። የድጎማው ዋና ዓላማም ያንን እግር መልሶ አሜሪካ ላይ ማቆም ነበር።

2009፦ ገንዘቡ የመጣበት ዓመት

2009 ለሚሺጋን ግዛት የመከራ ዓመት ነበር። ክራይስለር በኤፕሪል መጨረሻ ኪሳራ አወጀ። ጄኔራል ሞተርስ በጁን 1 ተከተለ። የሥራ አጥ ቁጥሩ 14 በመቶ ገደማ ደረሰ። አባትና ልጅ በአንድ ፋብሪካ የሠሩባቸው ከተሞች ጭር አሉ።

ኮንግረስ በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ኢኮኖሚውን ለማነቃቃት ትልቅ ሕግ አውጥቶ ነበር። ከዚያ ውስጥ 2.4 ቢሊዮን ዶላር ለባትሪና ለኤሌክትሪክ መኪና ተመደበ። ፕሬዚዳንት ኦባማ ኦገስት 5 ቀን ኢንዲያና ሄደው ዝርዝሩን ይፋ አደረጉ። 48 ፕሮጀክቶች ተመርጠዋል። ትልቁን ድርሻ ያገኘው ጆንሰን ኮንትሮልስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው፣ 299.2 ሚሊዮን ዶላር። ኤ123 በ249.1 ሚሊዮን ዶላር ይከተላል። የሚሺጋን ግዛትም በበኩሉ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚሆን የግብር ቅናሽ ጨመረለት።

በሴፕቴምበር ኩባንያው አክሲዮኑን ለሕዝብ ሸጠ። 380 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሰበሰበ። በመጀመሪያው ቀን ብቻ የአክሲዮኑ ዋጋ በግማሽ ጨመረ። መንግሥት ያመነበትን ኩባንያ ገበያውም ተሻምቶ ገዛው።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ። የተሰጠው ገንዘብ ድጎማ ነው። ብድር አይደለም፣ የአክሲዮን ግዢም አይደለም። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ኩባንያው ለፋብሪካው ሁለት ዶላር ካወጣ መንግሥት አንዱን ይመልስለታል። በዚህ አሠራር ገንዘቡ እንዳይባክን የሚጠበቀው ኩባንያው የራሱንም ስለሚያወጣ ነው። ሐሳቡ መጥፎ አይመስልም። ግን ሁለት ነገሮች አብረው መጡ።

አንደኛ፣ መንግሥት በኩባንያው ውስጥ ድርሻ አልያዘም። ኩባንያው ቢያድግ ትርፉ የባለአክሲዮኖች ነው። ቢወድቅ ደግሞ አበዳሪዎች ተሰልፈው ገንዘባቸውን ሲጠይቁ ለግብር ከፋዩ የተያዘ ወረፋ የለም።

ሁለተኛው ይብሳል። ገንዘቡ የሚለቀቀው ፋብሪካ ስትገነባ ነው። ባትሪ ስትሸጥ አይደለም። ስለዚህ ኩባንያው ቶሎ ገንብቶ ቶሎ የማስመለስ ግፊት ነበረበት። ገዢ ይኑር አይኑር ሌላ ጥያቄ ሆነ። ጄኔራል ሞተርስ ቮልት ለሚባለው መኪናው ከኤ123 ይልቅ የኮሪያውን ኤልጂ ኬም መምረጡን በ2009 መጀመሪያ ላይ አሳውቆ ነበር። በአሜሪካ ትልቁ ሊሆን የሚችለው ደንበኛ ድጎማው ከመሰጠቱ በፊት አምልጧል ማለት ነው።

የሊቮኒያ ፋብሪካ

ሴፕቴምበር 13 ቀን 2010 ሚሺጋን ውስጥ ሊቮኒያ በምትባል ከተማ ፋብሪካው ተመረቀ። የግዛቲቱ ገዥ ጄኒፈር ግራንሆልም ተገኝተዋል። ኦባማ ከዋይት ሐውስ ስልክ ደውለው ለተሰበሰበው ሰው ተናገሩ። አዲስ ኢንዱስትሪ እየተወለደ ነው አሉ። ሥራ ፈቶ ለከረመ የመኪና ፋብሪካ ሠራተኛ ያ ስልክ ምን ያህል ትርጉም እንደነበረው መገመት አያቅትም። ሮሙለስ በምትባለው ከተማም ሁለተኛ ፋብሪካ ተከፈተ።

ቀጥሎ የመጣው ግን ፀጥታ ነው። አሜሪካኖች የኤሌክትሪክ መኪና እንደተጠበቀው አልገዙም። ኤ123 ዋነኛ ተስፋውን የጣለው ፊስከር በተባለ ጀማሪ የመኪና ኩባንያ ላይ ነው። ፊስከር ካርማ የምትባል ውብ፣ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ የምታወጣ መኪና ይሸጥ ነበር። መኪናዋ የምትገጣጠመው ፊንላንድ ውስጥ ነበር። ፊስከር ራሱም የመንግሥት ገንዘብ ነበረበት። 529 ሚሊዮን ዶላር ብድር ተፈቅዶለት 192 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከወሰደ በኋላ የሥራ ዕቅዱን ስላልጠበቀ በ2011 ክፍያው ቆመበት። ኤ123 ደግሞ በራሱ ደንበኛ ውስጥ 20 ሚሊዮን ዶላር ያህል አፍስሷል። አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ ተደግፎ፣ ሁለቱም በግብር ከፋዩ ላይ።

በማርች 2012 ኮንሱመር ሪፖርትስ የተባለው የሸማቾች መጽሔት ለሙከራ አንዲት ካርማ ገዛ። በራሱ ገንዘብ ነው የገዛት። መኪናዋ ገና 200 ማይል ሳትሞላ፣ ሙከራው በወጉ ሳይጀመር፣ መጽሔቱ ባለው የሙከራ ሜዳ ላይ ቆማ ቀረች። በጭነት መኪና ተጭና ሄደች። ዜናው በአንድ ቀን ዓለምን አዳረሰ።

በዚያው ወር መጨረሻ ኤ123 ምክንያቱን አወጣ። ሊቮኒያ ካሉት አውቶማቲክ የብየዳ ማሽኖች አንዱ በትክክል አልተስተካከለም ነበር። በዚህ የተነሳ በአንዳንድ የባትሪ ሴሎች ውስጥ አንድ አካል ከቦታው ትንሽ ዘንበል ብሎ ተበይዷል። ትንሽ ናት፣ በዓይን የማትታይ ዓይነት ነገር። ግን ሴሉ ውስጥ ኤሌክትሪኩ በማይገባው ቦታ እንዲገናኝና ሴሉ እንዲበላሽ ታደርጋለች። የተበላሹትን ባትሪዎች ለመተካት 55 ሚሊዮን ዶላር ያስፈልጋል ተባለ።

ለጤነኛ ኩባንያ ይህ ከባድ ዓመት ነው ተብሎ የሚታለፍ ነገር ነበር። ኤ123 ግን ጤነኛ አልነበረም። በ2011 የሸጠው 159 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን የከሰረው 258 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። የብየዳው ስህተት የመጣው ካዝናው ባዶ በሆነበት ሰዓት ነው። ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። አሜሪካ ውስጥ አዲስ ገንዘብ የሚያስገባ ሰው ጠፋ።

ያኔ ዋንሺያንግ መጣ።

ገዢው ማን ነው?

ስለ ዋንሺያንግ ትንሽ ማወቅ ተገቢ ነው፤ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ጥላ አይደለምና። መሥራቹ ሉ ጓንቺዩ ናቸው። በ1969 ሃንግዡ አካባቢ ከጥቂት ገበሬዎች ጋር በ4,000 ዩዋን የእርሻ መሣሪያ ጥገና ቤት ከፈቱ። ቀስ በቀስ ኃይልን ወደ ጎማ በሚያስተላልፈው የመኪና መጋጠሚያ ላይ አተኮሩ። የኩባንያው ስም ራሱ የመጣው ከዚያ ዕቃ ነው። በ1990ዎቹ አማቻቸው ፒን ኒ አሜሪካ ውስጥ፣ ኢሊኖይ ግዛት፣ ቅርንጫፍ አቋቋሙ። ያ ቅርንጫፍ የተቸገሩ የአሜሪካ መለዋወጫ አምራቾችን እየገዛ አደገ። ኤ123ን ሊገዛ ሲመጣ አሜሪካ ውስጥ ወደ 3,000 የሚጠጉ ሠራተኞች ነበሩት።

በኦገስት 2012 ዋንሺያንግ እስከ 465 ሚሊዮን ዶላር አፍስሶ እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ድርሻ ለመያዝ ተስማማ። ዋሽንግተን ጩኸቱ በረታ። ስምምነቱ ሳይጠናቀቅ የኩባንያው ገንዘብ አለቀ።

ኦክቶበር 16 ቀን 2012 ኤ123 በዴላዌር ግዛት የኪሳራ ፍርድ ቤት ማመልከቻ አስገባ። በዚያው ቀን ከመንግሥት ድጎማ ወደ 950 ሺህ ዶላር የሚጠጋ ክፍያ ገብቶለታል። ሁለት የሪፐብሊካን ሴናተሮች፣ ቸክ ግራስሊ እና ጆን ቱን፣ ይህን አንስተው የኃይል ሚኒስቴርን በደብዳቤ አፋጠጡ። የድጎማው ቧንቧ የተገጠመው ደረሰኝ ሲመጣ እንዲከፍል ነው። የኩባንያውን ትንፋሽ እያዳመጠ የሚዘጋ ሰው አልነበረበትም።

መጀመሪያ የቀረበው ገዢ አሜሪካዊ ነበር። ጆንሰን ኮንትሮልስ የመኪና ባትሪውን ክፍል በ125 ሚሊዮን ዶላር እወስዳለሁ አለ። ብዙዎች እፎይ አሉ። ኩባንያው አገር ውስጥ ሊቀር ነው።

የኪሳራ ፍርድ ቤት ግን የሚሠራበት የራሱ ሚዛን አለው። ሥራው ከንብረቱ የሚቻለውን ያህል ብዙ ገንዘብ ማውጣትና ለአበዳሪዎች ማከፋፈል ነው። የገዢው ዜግነት በዚያ ሚዛን ላይ ክብደት የለውም። ድጎማ የሰጠው ሕዝብም የለውም። ጨረታ ተጠራ።

ዲሴምበር 6 ቺካጎ ውስጥ ተጫራቾቹ ተሰበሰቡ። ጆንሰን ኮንትሮልስ ከጃፓኑ ኤንኢሲ ጋር ተባብሮ መጣ። የጀርመኑ ሲመንስም ተጫራች ነበር። ዋንሺያንግም አለ። ልብ በሉ፣ አራት ስሞች ተጠርተው አሜሪካዊው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከጃፓን ኩባንያ ጋር ተጣምሮ። ጨረታው ሁለት ቀን ወስዶ ዲሴምበር 8 አለቀ። ዋንሺያንግ 256.6 ሚሊዮን ላይ ሲደርስ የሚከተለው ጠፋ። ጆንሰን ኮንትሮልስ ዋጋው ከሚገባው በላይ ሄዷል ብሎ ወጣ።

ከሽያጩ ውስጥ አንድ ክፍል ተለይቶ ወጣ። ከአሜሪካ ጦር ጋር ውል የነበረውን የመንግሥት ሥራ ክፍል ናቪታስ ሲስተምስ የተባለ የኢሊኖይ ኩባንያ በ2.25 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ያልተከፈለው የድጎማ ቀሪም ወደ ዋንሺያንግ አልተላለፈም። ዲሴምበር 11 ዳኛው ሽያጩን አጸደቁ። የኩባንያው ተራ ባለአክሲዮኖች ባዶ እጃቸውን ቀሩ።

በሩ ላይ የሚጠየቀው ጥያቄ

አንድ በር ቀርቶ ነበር። አሜሪካ ውስጥ የውጭ ሰው ኩባንያ ሲገዛ የሚመረምር ኮሚቴ አለ። በምህጻር ሲፊየስ ይሉታል። በ1975 የተቋቋመ ሲሆን የሚመራው በገንዘብ ሚኒስቴር ነው። መከላከያ፣ ንግድ፣ የኃይል ሚኒስቴርም አባላት ናቸው። በዚያን ጊዜ በነበረው ሕግ መጀመሪያ 30 ቀን ይመረምራል፣ ካላረካው 45 ቀን ይጨምራል፣ ከዚያ ጉዳዩ ለፕሬዚዳንቱ ይቀርባል። ስብሰባው ዝግ ነው። ምክንያቱንም ለሕዝብ አያወጣም።

ይህ ኮሚቴ ጥርስ የሌለው አይደለም። በ2012 ሴፕቴምበር መጨረሻ ኦባማ ራልስ የተባለ የቻይናውያን ኩባንያ በኦሪገን ግዛት የገዛቸውን የነፋስ ኃይል ማመንጫ ሥፍራዎች እንዲለቅ አዘዋል። ምክንያቱ ቦታዎቹ ከባሕር ኃይል ማሠልጠኛ አጠገብ መሆናቸው ነው። አንድ ፕሬዚዳንት እንዲህ ያለ ትእዛዝ ሲሰጥ በ22 ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነበር።

ስለዚህ ብዙዎች ኤ123ንም ያስቆሙታል ብለው ጠበቁ። ጡረታ የወጡ የጦር መኮንኖች ያሉበት ቡድን ተቃውሞ አሰማ። የኮንግረስ አባላት ደብዳቤ ጻፉ። ኮሚቴው ግን በጃኑዋሪ 2013 መጨረሻ ፈቀደ።

የዚህ ኮሚቴ ሥልጣን የሚጀምረውም የሚያበቃውም በአንድ ጥያቄ ነው፦ ግዢው የአገር ደኅንነትን ይጎዳል ወይ? የጦሩ ሥራ ለናቪታስ ተለይቶ ሲሸጥ የዚያ ጥያቄ ትልቁ ክፍል መልስ አገኘ። «ሕዝቡ ለዚህ ፋብሪካ 132 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል፣ ምን ይመለስለት?» የሚል ጥያቄ በዚያ ክፍል ውስጥ ቦታ የለውም። ድጎማውን የሰጠው የኃይል ሚኒስቴር እዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ እንኳ የሚጠየቀው ስለ እሱ ገንዘብ አይደለም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። በ2012 የተጮኸው ጩኸት ሁሉ በ2009 ቢሆን ኖሮ ዋጋ ነበረው። ያኔ መንግሥት ትንሽ የአክሲዮን መግዣ መብት ሊይዝ ይችል ነበር። ፋብሪካው በተወሰነ ዓመት ውስጥ ከተሸጠ ድጎማው ይመለስ የሚል አንቀጽ ማስገባትም ይቻል ነበር። ይህ ሕልም አይደለም። ይኸው ሚኒስቴር ለቴስላ 465 ሚሊዮን ዶላር ሲያበድር ብድሩ በጊዜ ካልተመለሰ ሦስት ሚሊዮን ያህል አክሲዮን በርካሽ የመግዛት መብት ይዞ ነበር። ቴስላ በሜይ 2013 ብድሩን ቀድሞ ከፍሎ ያንን መብት አስቀረው። አክሲዮኖቹ ለመንግሥት አልደረሱም፣ ቢሆንም አንቀጹ መኖሩ ኩባንያውን ቶሎ እንዲከፍል የሚገፋ ነበር። ለኤ123 የተሰጠው ድጎማ ይህን የመሰለ መያዣ አልነበረውም።

«የእኛ» የተባለው ተጫራች

ጨረታውን ጆንሰን ኮንትሮልስ ቢያሸንፍ ኖሮስ? ብዙ ሰው ችግሩ ይፈታ ነበር ብሎ ያምናል። እኔም ጉዳዩን ማንበብ ስጀምር እንዲያ መስሎኝ ነበር።

ጆንሰን ኮንትሮልስ በ2016 ታይኮ ከተባለ ኩባንያ ጋር ተዋህዶ ሕጋዊ መቀመጫውን አየርላንድ አደረገ። በ2018 መጨረሻ የባትሪ ክፍሉን በ13.2 ቢሊዮን ዶላር ለመሸጥ ተስማማ። ገዢዎቹ ብሩክፊልድ የተባለው የካናዳ ኩባንያና የኩቤክ የጡረታ ገንዘብ ናቸው። በ2019 ሽያጩ ተጠናቆ ክፍሉ ክላሪዮስ የሚል ስም ያዘ። 299.2 ሚሊዮን ዶላር ድጎማ የተሰጠው የባትሪ ሥራ ማለት ነው። በዚህ ሽያጭ እንደ ኤ123ቱ ያለ ጩኸት አልተሰማም። ካናዳ ወዳጅ ናት፣ ይገባኛል። ግን የግብር ከፋዩን ገንዘብ ካሰብን የኤ123ም የጆንሰንም ባትሪ ሥራ መጨረሻው የውጭ ባለቤት ነው።

የኤልጂ ኬም ታሪክ ደግሞ ተቃራኒው ነው። የኮሪያው ኩባንያ ከመጀመሪያው የውጭ ነበር፣ ሆኖም ሚሺጋን ውስጥ ሆላንድ በምትባል ከተማ ፋብሪካ እንዲሠራ 151 ሚሊዮን ዶላር ተሰጠው። በፌብሩዋሪ 2013 የኃይል ሚኒስቴር ዋና ተቆጣጣሪ ያወጣው ሪፖርት እጅ በአፍ የሚያስጭን ነው። ፋብሪካው ተገንብቷል። ከገንዘቡ አብዛኛው ወጥቷል። ሠራተኞቹ ግን ሥራ የላቸውም። በሥራ ሰዓት ጨዋታ ይጫወታሉ፣ ፊልም ያያሉ፣ አንዳንዶቹም በአካባቢው በጎ አድራጎት ድርጅቶች በነጻ ያገለግላሉ። ለቮልት የሚሆነው ሴል ያኔም ከኮሪያ ይመጣ ነበር። ለዚያ ሥራ አልባ ሰዓት ከመንግሥት የተከፈለውን 842,000 ዶላር ገደማ ኤልጂ መለሰ።

ያን ሪፖርት ያነበበ ሰው ፋብሪካው ይዘጋል ብሎ ቢወራረድ አይፈረድበትም። አልተዘጋም። ኤልጂ ኪሱ ጥልቅ ስለነበር ገበያው እስኪመጣ ጠበቀ። በ2022 ያንኑ የሆላንድ ፋብሪካ ለማስፋት 1.7 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያወጣ አስታወቀ። የሚሺጋን ሠራተኛ ሥራ ያገኘው የውጭ በሆነው ፋብሪካ ውስጥ ነው። አገር በቀሉ ኤ123 መቆየት ያቃተው የሚታገሥለት ባለሀብት ስላልነበረው ነው። ባለቤቱ የየት አገር ሰው ነው ከሚለው ጥያቄ ጎን «ስንት ዓመት ሳያተርፍ ሊቆይ ይችላል?» የሚለውንም የምጠይቀው ለዚህ ነው።

ከዋንሺያንግ በኋላ

ዋንሺያንግ ኤ123ን ወዲያው ነቅሎ አልወሰደም። የሚሺጋን ሥራ ቀጠለ። ኩባንያው ለመኪና ሞተር ማስነሻና ለአነስተኛ ሃይብሪድ (በነዳጅም በኤሌክትሪክም ለሚሄድ መኪና) በሚሆኑ ባትሪዎች ላይ አተኮረ። ለኤሌክትሪክ መስመር የሚሆኑ ትላልቅ ማከማቻዎችን የሚሠራው ክፍል በ2014 ለኤንኢሲ ተሸጠ። ዋንሺያንግ በዚያው ዓመት ፊስከርንም ከኪሳራ ጨረታ በ149.2 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ባትሪውንም መኪናውንም ያዘ። ፊስከር ላይ መንግሥት አበዳሪ ስለነበር ቢያንስ የሚሸጠው ወረቀት ነበረው። የቀረውን ብድር በ25 ሚሊዮን ዶላር ሸጦ ከጠቅላላው 139 ሚሊዮን ዶላር ውሃ በላው።

በ2015 ኤ123 አፕልን ከሰሰ። ባለሙያዎቼን እያባበለ ወሰደብኝ የሚል ክስ ነው፤ በስምምነት አለቀ። ይህ ክስ አንድ ነገር ያሳያል። ዋንሺያንግ ማሽኑን፣ ፓተንቱንና ስሙን ገዝቷል። ሰዎቹን ግን መግዛት አይቻልም። ቺያንግ እንኳ ከኤ123 ውድቀት በፊት በ2010 ሌላ የባትሪ ኩባንያ አቋቁመዋል፣ ከዚያም ፎርም ኢነርጂ ከተባለው መሥራቾች አንዱ ሆነዋል። የግብር ከፋዩ ገንዘብ ያሠለጠናቸው ብዙ መሐንዲሶች አሜሪካ ውስጥ ቀርተዋል። የጠፋው ሌላ ነገር ነው። ያንን ባትሪ በሚሊዮን የሚያመርት፣ ከስህተቱ እየተማረ ዋጋውን በየዓመቱ የሚቀንስ የፋብሪካ ልምድ። ልምዱ የሚገኘው በማምረት ብቻ ነው። ሲመረት የከረመው ደግሞ ቻይና ውስጥ ነው።

የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ዛሬ ዓለምን ሞልቷል። ርካሽ የኤሌክትሪክ መኪኖች አብዛኞቹ በእሱ ይሄዳሉ፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚመረተው በቻይና ነው። በፌብሩዋሪ 2023 ፎርድ ይህንኑ ባትሪ ለማምረት 3.5 ቢሊዮን ዶላር የሚፈጅ ፋብሪካ እንደሚገነባ አስታወቀ። የሚሺጋን ግዛት ለዚህም የሕዝብ ገንዘብ መድባለች። ፋብሪካው የፎርድ ነው፣ አሠራሩን ግን ሲኤቲኤል ከተባለው የቻይና ኩባንያ በፈቃድ ይከራያል። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ፎርድ ዕቅዱን ቀንሶ 2,500 የተባለውን የሠራተኛ ቁጥር ወደ 1,700 አወረደው።

ቦታው ማርሻል የምትባል ትንሽ ከተማ ናት። ኦባማ ስልክ ከደወሉበት ከሊቮኒያው ፋብሪካ በመኪና ከሁለት ሰዓት አትርቅም።